ለወገብ ነው የተባልኩት መርፌ

ከዚህ በታች የምተርከውን ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ፍሬ ነገር እንዳይቀበለኝ አንባቢን በቅድሚያ አሳስባለሁ። ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። የወራቱን ቅደም ተከተል አንዳንዴ አዛባለሁ፤ የሰዎችንም ንግግር የምጽፈው በጆሮዬ እንደ ቀረው እንጂ ቃል በቃል አይደለም። ይህን የምለው ለትሕትና ያህል አይደለም። የታመምኩት በአንድ በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ወራት ሲያስፈራኝ የኖረው ሌላ በሽታ ነበርና ነው። በእኔ ዕድሜ ላሉ ሰዎች፣ ከእነርሱም ይልቅ ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች፣ አንዳች ይጠቅም ይሆናል በሚል ተስፋ ጽፌዋለሁ።

አሶሳ የመጣሁት በወጣትነቴ፣ ሕግ ተምሬ እንደ ወጣሁ፣ በመንግሥት ምደባ ነው። ለጥቂት ጊዜ ብዬ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ባለቤቴን የሺን ያገኘኋት እዚህ ነው፤ በሰፈራው ዘመን ከወላጆቿ ጋር ከወሎ የመጣች ናት። እስከ ጡረታዬ ድረስ በዳኝነት አገለገልኩ፤ በመሃሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ሁለተኛ ዲግሪዬን ተማርኩ። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ በአንዳንድ ባልደረቦቼ ላይ እንደ ደረሰው ያለ ግራ መጋባት አልደረሰብኝም። ከማንጎ ዛፎቻችን ጀርባ ከቀርከሃ የተሠሩ ቀፎዎች ሰቅዬ ንብ ማነብ ጀመርኩ። ጠዋት መጽሐፍ አነብባለሁ። ከሰዓት በኋላ ከወዳጄ ከሃጂ ረመዳን ጋር ዳማ እጫወታለሁ። ሃጂ የበርታ ሰው ነው፤ በኩርሙክና በአሶሳ መካከል ሲነግድ ኖሮ፣ እግሩ ሲደክም ሱቁን ለልጆቹ ትቶ ከንግድ ያረፈ። ቀልደኛና ለጋስ ነው፤ ዳማው ላይ ግን ለአንዲት ቆርኪ እንኳ የሚራራ አንጀት የለውም። ስሸነፍ «ያ ቃዲ፣ ይግባኝ በል!» እያለ በዳኝነቴ ይስቅብኛል። እንዲህ ሆኜ ጥቂት ዓመታት ኖርኩ፤ ደስተኛ ነበርኩ ብዬ ለመመስከር አላመነታም።

ሕመሙ የጀመረው በሽንት ነው። ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳኛል፤ ስነሳ ደግሞ ይዘገያል፤ ሲመጣም ይቆራረጣል። የዕድሜ ነው ብዬ ችላ አልኩት። ቀጥሎ ወገቤን ያመኝ ጀመር። የመጀመሪያው ክሊኒክ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ሁለተኛው ታይፎይድ አለ፤ በዚህ ከተማ ኖሮ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሦስተኛው ወገቤን አይቶ ዲስክ ነው አለና ከባድ ነገር እንዳላነሳ መከረኝ። እያንዳንዱ የሰጠኝን እየዋጥኩ ሌላ ወቅት አለፈ።

በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። በዚያ መጠበቂያ ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳለፍኩትን ረጅም ጠዋት አልረሳውም። ተራዬ ሲደርስ ሁሌ መጸዳጃ ቤት ነኝ፤ ስመለስ ሌላ ሰው ገብቷል። ከሆሞሻ በኩል ልጅ ታቅፋ የመጣች አንዲት ሴት ይህን አስተውላ ኖሮ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ ዘርግታ «አባባ፣ ሂድ፤ ቦታ እኔ ይጠብቃል» አለችኝ። ሰው ሊቀመጥበት ሲል በዓይኗ ታባርረዋለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያጽናናኝ የእርሷ ቃል ብቻ ነው።

ሐኪሙ ከመረመረኝ በኋላ ፕሮስቴቱ ጥሩ ስሜት አልሰጠኝም አለ። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የምትገኝ፣ ወንዶች ብቻ ያለን ዕጢ ናት። ናሙና መወሰድ ስላለበት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነ። ያኔ የመኪናው መንገድ የሚታመን አልነበረምና በአውሮፕላን ሄድን። መሐንዲሱ ልጃችን ዳዊት ተቀበለን። ናሙናው በተወሰደ ማግስት ብርቱ ትኩሳት ያዘኝና ተኛሁ፤ ትኩሳቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀኝ ነው ውጤት ለመስማት የሄድነው።

ከዚያ ክፍል የማስታውሰው ይህን ነው። ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ዳዊት ክርኔን ይዞኛል። ሐኪሙም «ካንሰር ነው፤ ወደ አጥንት ሳይዘልቅ አልቀረም» አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ድብዝዝ ነው። ማምሻውን ልጄ ቤት ተኝቼ ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ጠየቅሁ።

«ስለ ካንሰሩ ምን ወሰናችሁ?»

የሺና ዳዊት ተያዩ።

«የምን ካንሰር?» አለች የሺ።

«ሐኪሙ የነገረን ነዋ።»

«ኧረ ክፉ አትጥራብን፣ ዳኛው!» አለች። ከተጋባን ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነው።

ዳዊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «አባዬ፣ ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልወጣም። ዕጢው አብጧል፤ መድኃኒት አለው ነው ያለው። አንተ በትኩሳት ስታቃዥ ነበር። መኪና ውስጥም የሞቱ ሰዎችን ስም ስትጠራ ነው የመጣኸው።»

ዕድሜ ልኬን ያደረግሁትን ነው ያደረግሁት፤ ማስረጃ መዘንኩ። በአንድ ወገን ቃላቸው የማይጋጭ፣ ጤነኞች የሆኑ፣ የሚወዱኝ ሁለት ምስክሮች አሉ። በሌላው ወገን ያለው ትኩሳት ያናወዘው አንድ ሽማግሌ ነው። በራሴ ላይ ፈረድኩ። ሁለቱ ምስክሮች አስቀድመው ተማክረው እንደ ሆነ መጠየቅ እንዳለበት ማንኛውም ጀማሪ ዳኛ ያውቃል። እኔ ግን ለገዛ ሚስቴና ለገዛ ልጄ መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ አልሆነልኝም።

እውነተኛው ፍርሃት የጀመረው ከዚያ ነው። ካንሰሩን ረሳሁት፤ የለም ተብያለሁና። ያልተባለን ነገር እንዲህ አጥርቶ የሰማ አእምሮ ግን ነገ ምን ይሰማ ይሆን? አሶሳ ከተመለስን በኋላ ራሴን መፈተን ጀመርኩ። የጥንት ባልደረቦቼን ስም እደረድራለሁ፤ አንዱ ሲጠፋኝ ላብ ያጠምቀኛል። የበሩን ቁልፍ ያስቀመጥኩበት ከጠፋኝ ግማሽ ቀን አልናገርም። ገበያ ደርሼ የመጣሁበትን ስጠራጠር ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ሌሊት ሲሆን የሺ መተኛቷን አረጋግጬ በጨለማው ውስጥ የልጆቼን ዕድሜ፣ የእናቴን ፊት፣ የቤታችንን ክፍሎች አቀማመጥ አንድ በአንድ እከልሳለሁ። አንድ ቀን እርሷን ራሷን «አንቺ ማን ነሽ?» ብዬ እጠይቃት ይሆናል የሚለው ሐሳብ ሞትን ከማሰብ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። የሚሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ጥርጣሬዬን የሚያረጋግጡልኝ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሃል ዳዊት በአውሮፕላን ከሚመጣ ሰው ጋር መርፌ ይልክ ጀመር። በየጥቂት ወሩ አንዲት ነርስ ቤት መጥታ ትወጋኛለች።

«ምንድን ነው?» አልኳት የሺን።

«ለወገብህ ነው። ቪታሚንም አለው።»

«ለወገቤ ከሆነ ለምን ሆዴ ላይ?»

«ከፊት ገብቶ ወደ ኋላ ይሄዳል» አለች፤ ቶሎ ብላም ወደ ጓዳ ገባች። ነርሷ አንገቷን ደፋች።

ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አዲስ ነገር መጣ። ድንገት ከደረቴ ተነሥቶ እስከ ራስ ቅሌ የሚወጣ ወላፈን ይሰማኛል፤ ወዲያው ላብ፣ ቀጥሎ ብርድ። በአሶሳ ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚያስበው ያው ወባን ነው። ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ወባ የለም ተባልኩ። አላመንኩም። መድኃኒቱን ገዝቼ ዋጥኩ። ወላፈኑ ተመለሰ፤ እንደገና ዋጥኩ። ሆዴ ተበላሸ፤ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። የሺ ስውጥ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አታስቆመኝም። ለምን እንደማታስቆመኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወባ አለመሆኑን ለማስረዳት ወላፈኑ ከየት እንደ መጣ መናገር ነበረባት።

መድኃኒት ያቃተው ሰው የማይሄድበት የለም። ከገዛ ቀፎዬ ማር ጋር ጥቁር አዝሙድ እበላ ጀመር። የሽፈራው ቅጠል እየተፈላ ጠጣሁ። የሺ ጸበል አመጣችልኝ፤ ሃጂ ደግሞ ቁርኣን በሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሼክ ዘንድ ሄዶ ጽሑፉ የታጠበበትን ውኃ በጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ክርስቲያን ብሆንም አልመለስኩትም፤ የወዳጅ እጅ ባዶውን አይመለስም ብዬ ጠጣሁት። የተማርኩት ትምህርት በዚያን ጊዜ የት እንደ ነበር ለሚጠይቀኝ፣ ከእኔው ጋር ተቀምጦ ይጠጣ ነበር ከማለት በቀር መልስ የለኝም። ከእነዚህ ሁሉ ያሻለኝ የመሰለኝ በሆሞሻ መንገድ ላይ ያለ አንድ ባለ መድኃኒት የሰጠኝ መራራ ሥር ነው። ሰውየው ሲሰጠኝ አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ መርፌ ገላ ውስጥ ከገባ ሥሩ ኃይሉን ያጣል አለኝ። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ በዚህ አገር ያልሰማ የለም።

እናም ነርሷ ለቀጣዩ መርፌ ስትመጣ አልወጋም አልኩ። ለወገብ የሚሰጥ ቪታሚን ቢቀር ምን ይጎዳል? እንዲያውም ያደከመኝ እርሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስቤ ነበር።

የሺ መጀመሪያ በጨዋታ ያዘችው። ቀጥላ ተቆጣች። ከዚያ የነርሷ ዓይን እያየ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ስለ እመቤቴ ብለህ!» ትላለች። ዳዊት በየቀኑ ይደውላል፤ መጀመሪያ ይለምናል፣ ኋላ ይጮሃል፣ ስልኩን ዘግቶ ደግሞ ይደውላል። እኔም እየደነገጥኩ እንቢታዬን አጸናሁ። ቤተሰቤ ሁሉ ስለ ወገቤ እንዲህ ሲሆን፣ የተበላሸው የእኔ ራስ ነው ወይስ የእነርሱ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ሃጂ በዚያ ሰሞን መሸነፍ ጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። በሁለተኛው ተገረምኩ። በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ቆርኪ ሰተት አድርጎ አፌ ውስጥ ሲያስገባልኝ እጄን ከሰሌዳው ላይ አነሣሁ።

«ሃጂ፣ ይህችን ሆን ብለህ ነው የምታስበላኝ።»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ለሰው ቆርኪ ይሰጣል?»

«ትናንትም ሰጥተኸኛል። ከትናንት በስቲያም።»

«አንተ ከትናንት በስቲያ ያስታውሳል?»

ቆርኪዎቹን ሰብስቤ የከትናንት በስቲያውን ጨዋታ ከመሃሉ ጀምሬ ደረደርኩለት፤ የት እንደ ነበርኩ፣ የት እንደ ነበረ፣ ንጉሥ ሊሆን አንድ እርምጃ ሲቀረው እንዴት ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ። ሃጂ ሰሌዳውን አየ፤ እኔን አየ።

«ወላሂ ልክ ነው» አለ። «ታዲያ ጠፋ የተባለው ይህ ራስ ነው?»

«ማን ነው ጠፋ ያለው?»

እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

«የሺ ቤቴ መጣ» አለ በመጨረሻ። «አለቀሰ። ‹ራሱ ደክሟል፣ መርፌ እንቢ አለ፣ አንተን ይሰማል፣ ለምንልኝ› አለኝ። እኔም አሰብኩ፤ ይህ ሰው ደስ ካለው እሺ ይላል። አሸነፈ፣ ደስ አለው፤ ከዚያ ስለ መርፌ እነግረዋለሁ።»

«ለወገብ መርፌ ይህን ያህል ምን ያስለምናል?»

ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሰ፤ ጨዋታ ሳያልቅ ሲሰበስብ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ያ ቃዲ፣ እኔ ለየሺ ማለ። ሙስሊም መሐላ አይሰብርም። ለአንተ ደግሞ ውሸት አይናገርም። ሐኪም ጋ ሂድ። ሚስት አይሂድ፣ ልጅ አይሂድ፣ ብቻህን ሂድ። አንድ ብቻ ጠይቅ፤ ይህ መርፌ የምን ነው በል።»

ወዲያው አልሄድኩም። የተማረ ሰው ለመዘግየት ምክንያት አያጣም፤ እኔም ቅዳሜ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ዝናብ ይመጣል እያልኩ ሰነበትኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ የወገብ መርፌ ነው ካለኝ ራሴ ጠፍቷል ማለት ነው። ሌላ ነገር ካለኝ ደግሞ ልሞት ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመርጥ ሳላውቅ አንድ ጠዋት ባጃጅ ያዝኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ካርዴን ከፍቶ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ።

«አባባ፣ አስታማሚ አብሮዎት የለም?»

«የለም።»

«ባለቤትዎን ይጥሩልኝ፤ ወይም ልጅዎን።»

«ልጄ፣ ሕመምተኛው እኔ ነኝ። ይህ መርፌ የምን እንደ ሆነ ብቻ ንገረኝ።»

እስክሪብቶውን አገላበጠ። «ቤተሰብዎ እንዳይነገርዎ ጠይቀዋል።»

«እኔ ግን አልጠየቅሁም።»

ነገረኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ ከናሙናው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ወደ አጥንት ዘልቋል፤ ወገቤን የሚያመኝም ለዚህ ነው። መርፌው በሽታው የሚመገበውን የወንድ ሆርሞን በመቀነስ ያስርበዋል። ወላፈኑና ላቡ የዚያ ውጤት እንጂ ወባ አይደለም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀኑ አልፎብዎታል፤ ለምን እንዳቋረጡ አላውቅም፤ ዛሬውኑ መወጋት አለብዎት» አለኝ።

አንባቢ አይፍረድብኝ። የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነበር። በጆሮዬ ሰምቼ ነበር! ሐኪሙ ብሎ ነበር! መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር! ያ ደስታ ከሐኪሙ ክፍል እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አብሮኝ ሄደ። በሩ ጋ ስደርስ የጥበቃዎቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አእምሮዬ ጤነኛ ስለ ሆነ፣ የሰማሁትንም በሚገባ ስለ ተረዳሁ፣ ከዚያ በኋላ መሸሸጊያ አልነበረኝም።

ቤት ስገባ የሺ ፊቴን አይታ አወቀች። የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች።

«ማን ነገረህ? ሃጂ ነው?»

«ሃጂ መሐላውን ጠብቋል። ሐኪሙ ነው። የሺ፣ የሆነው ሆኖ፣ እኔን አእምሮዬን እንዳጣሁ አድርጋችሁ…»

«ወንድሜን ታስታውሳለህ?» አለችኝ ከአፌ ነጥቃ። «በሽታውን ነገሩት። ልክ እንደ ዛሬው፣ ነጭ የለበሰ ልጅ ነገረው። በማግስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል እንቢ አለ። በሽታው አይደለም የገደለው፤ ወሬው ነው። እኔ በእጄ ላጎርሰው እየለመንኩት ነው የሄደው።»

«ስለዚህ እኔ እንዳበድኩ ይሰማኝ?»

«የዘነጋ ሰው በሕይወት ይኖራል» አለች። «አይቻለሁ እኮ። እኔን ብትረሳኝም ትኖራለህ። እኔ አስታውስሃለሁ ብዬ ነው።»

ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣዬም አልጠፋም። ለወራት በየሌሊቱ የከፈልኩትን ፍርሃት ማንም አይመልስልኝም። ነገር ግን ሴቲቱ ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ፣ እኔ የወባ ኪኒን ስውጥ እያየች፣ እየሣቀች ወጥ ስታወጣልኝ መኖሯን ሳስብ የማንኛችን ሌሊት ይረዝም እንደ ነበር መወሰን ያቅተኛል።

በዚያው ዕለት ተወጋሁ። ሥሩን በወረቀት ጠቅልዬ ለሐኪሙ ወሰድኩለት፤ አልሣቀብኝም። ምን እንደ ሆነ እንደማያውቅ፣ ኩላሊቴንና ጉበቴን ሊጎዳ እንደሚችል ነግሮኝ ተውኩት። ማሩንና ጥቁር አዝሙዱን በልክ ከሆነ አልከለከለኝም። ጸበሉም ቀጥሏል፤ የሃጂ ጠርሙስም ይመጣል። ልዩነቱ አሁን የምወስደውን ሁሉ ሐኪሙ ያውቃል፤ ሐኪሙ የሚያውቀውን ሁሉ እኔ አውቃለሁ። ተፈወስኩ አልልም፤ ይህ በሽታ በእኔ ደረጃ እንደሚቆይ እንግዳ እንጂ እንደሚወጣ እንዳልሆነ ተነግሮኛል። የወገቤ ሕመም ቀንሷል። ወላፈኑ ሲመጣ የሸሚዜን ቁልፎች ከፍቼ ከማንጎው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ ወባ አይደለምና አልደነግጥም።

ለምታስታምሙ ይህን ብቻ እላለሁ። ሕመምተኛችሁ ሊሰማው አይችልም ብላችሁ የምትፈሩትን፣ አስቀድሞ ሰምቶት ሊሆን ይችላል። በእናንተ ፍቅር ምክንያት የገዛ ጆሮውን አይጠራጠር። ለምትታመሙ ደግሞ፦ የምትወጉት መርፌ የምን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መልሱ ካላጠገባችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

መርፌው ካመለጠኝ በኋላ በሽታው ምን ያህል እንደ ተነሣ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ በተወጋሁበት ዕለትና ከሳምንታት በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ነበር። እስኪመጣ የነበሩትን ቀናት አልገልጻቸውም። ውጤቱ መጣ በተባለ ጠዋት የሺ «እኔም እገባለሁ» አለች። እሺ አልኳት፤ አብረን ገባን። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አነበበ። ቀና ሲል እንደ ልማዱ ወደ እርሷ ዞረ፤ ትንሽም ራሱን ወደ በሩ ነቀነቀ፣ ውጭ ይነጋገሩ እንደ ሆነ ለመጠየቅ።

የሺ ከወንበሯ አልተነሣችም። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«ለእሱ ይንገሩት» አለች። «እኔ ከእሱ ጋር እሰማለሁ።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አባባ፣ መርፌው በተቋረጠው ጊዜ የበሽታው ልክ ከፍ ብሎ ነበር» አለ። «አሁን መውረድ ጀምሯል። ወደ ነበረበት ገና አልተመለሰም። ከጥቂት ወር በኋላ ደግመን እናያለን።»

ከክፍሉ ወጥተን በረንዳው ላይ ቆምን። እጄን ይዛኝ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ «አንቺ ነበርሽ» እላለሁ፣ እርሷ «አንተ ነበርክ» ትላለች፤ እስካሁን አልተስማማንም።